መስኮቱ በር እስኪሆን

ሚዛን ተፈሪ ለማስተማር በሄድኩበት የመጀመሪያ ዓመት የተከራየሁት ክፍል የአንድ አሮጌ ቤት ጓሮ ውስጥ ነበር። የቤቱን ጌታ «አባባ» እላቸው ነበር፤ ባለቤታቸውን ደግሞ «እማማ»። እነሱ «መምህር» ይሉኛል። አባባ ይህን ሲሉ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ሹፈት ነው። አንድ ነገር ጠይቀውኝ መልሴ ከረዘመ፣ ብዙ ጊዜም ይረዝማል፣ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ጠጋ ያደርጉና «ደወል የተደወለ መሰለኝ» ይላሉ። ያን ጊዜ ዝም ማለት አለብኝ ማለት ነው።

የማስተምረው ሒሳብና ቴክኒካል ድሮዊንግ ነበር። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ለሚቀጥለው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው። የቤቱንም አሠራር አስቀድሜ ላስረዳ።

ቤቱን የሠሩት የአባባ አባት ናቸው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ፊቱን ወደ ገበያው መንገድ አዙሮ ሰፊ በረንዳ ዘርግቷል። አባባ የሚተኙት በስተፊት ባለው የጥግ ክፍል ነው። ክፍሉ ወደ ሳሎን የሚያስወጣ አንድ በር አለው፤ እሱም ጠባብ ነው፤ ደፉም ከፍ ያለ ነው። አባትየው እንዲህ የሠሩት ሌባ ከመጣ ተደናቅፎ እንዲወድቅ ነው ይባላል። እማማ እንደሚሉት ግን ሌባ አንድም ቀን አልመጣም፤ ሲደናቀፉ የኖሩት የቤቱ ሰዎች ናቸው። ከዚህ በር ሌላ ክፍሉ አንድ ትልቅ መስኮት አለው። መስኮቱ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ በረንዳው ነው።

አባባ በዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ሲጣላ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ላም የሰው ቡና ውስጥ ገብታ ስትረግጥ፣ ሰው ወደ እሳቸው ይመጣል። እኔ በደረስኩበት ዓመት ግን እግራቸው ከዳቸው። አንድ በያጅ እዚያው ክፍላቸው ውስጥ የብረት ወንበር ላይ የብስክሌት ጎማ ገጥሞ ባለጎማ ወንበር ሠራላቸው። ወንበሩ ጠንካራ ነው፤ ፍሬን ሁሉ አለው። ችግሩ በበሩ አያልፍም። በያጁ የለካው አባባን እንጂ በሩን አልነበረም።

«ተሸክመን እናውጣዎ» አልኳቸው፣ በመጣሁ በሳምንቱ።

«የሚሸከሙኝ አንድ ቀን ብቻ ነው» አሉ። «ያንንም ቀን እኔ አላየውም።»

ሰው ግን ጠቡን አላቆመም። ባለጉዳዮች በረንዳው ላይ ወጥተው፣ መስኮቱ ፊት እንደ ባንክ ቤት ተሰልፈው፣ ነገራቸውን ወደ ውስጥ ይናገራሉ። መስኮቱ ከፍ ያለ ነው፤ አልጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ወንበሩ ላይ ቢቀመጡም ያው ነው። አባባ በዚህ ተማረሩ።

«ሰው ሲዋሽ የሚታወቀው በዓይኑ ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ የማየው አገጭ ነው። በአገጭ ምን ፍርድ ይሰጣል?»

መፍትሔው ለሁላችንም ግልጽ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ እስከ ወለሉ ቢወርድ መስኮቱ በር ይሆናል፤ ወንበሩም ያልፋል፤ አባባም በራሳቸው እጅ ጎማውን እየገፉ ይወጣሉ። ለአንድ ግንበኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግንበኛው መጥቶ መዶሻውን አነሳ፤ በረንዳው ምሰሶ ላይ የተመታችውን የቆርቆሮ ሰሌዳ አነበበ፤ መዶሻውን አስቀመጠ። ሰሌዳዋ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑንና ያለ ፈቃድ መንካት ክልክል መሆኑን ትናገራለች። እማማ እስከዚያ ቀን ድረስ በእሷ ላይ ወንፊት ይሰቅሉባት ነበር።

«ፈቃድ ማውጣት የእኔ ሥራ ነው» አልኩ። ማንም አላዘዘኝም። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ቅደም ተከተል ያለው ነገር ነው።

ቅርስ የሚመለከተው ቢሮ ውስጥ ያገኘኋት ባለሙያ እንደ እኔው ወረቀቷን በመልክ በመልኩ የምትደረድር ሴት ነበረች። ወዲያው ተግባባን፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ ተግባባን። የሚያስፈልገው፣ አለች፣ ቤቱ አሁን ያለበትን የሚያሳይ ንድፍ፣ ሊደረግ የታሰበውን የሚያሳይ ሌላ ንድፍ፣ ከዚያም የወራሾቹ ሁሉ ስምምነት በፊርማ ነው።

«ሰውየው እኮ አርጅተዋል» አልኳት። «ቶሎ ቢሆን ጥሩ ነው።»

«የተመዘገበው ቤቱ ነው» አለች፤ ቀልድ አልነበረም። «ሰውየው አልተመዘገቡም።»

ይህን ለአባባ ሳወራላቸው፣ «እንግዲያው እኔንም ያስመዝግቡኝ» አሉ። «ከቤቱ በዕድሜ ብዙም አላንስም። ቆርቆሮ ይምቱብኝ።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ሜትር ተውሼ ቤቱን ለካሁ። እማማ የሜትሩን ጫፍ ይዘውልኝ ነበር፤ ግን ጎረቤት ባለፈ ቁጥር ሰላም ለማለት ስለሚለቁት እንደገና እጀምራለሁ። ማታ ቁጭ ብዬ ንድፉን ሳወጣ ቁጥሮቹ አልገጥም አሉ። የአባባ ክፍል የውጭ ግድግዳ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲገባው መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ ጎበጥ ይላል። የእማማ እጅ ነው አልኩና አስተካከልኩት። ማዕዘኖቹ ሁሉ ዘጠና ዲግሪ ሆነው፣ መስመሩ ጥርት ብሎ፣ ለተማሪዎቼ ባሳየው የማላፍርበት ሥራ ወጣኝ።

ባለሙያዋ ንድፉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«በጣም የሚያምር ቤት ነው» አለች። «ግን ይኼኛው ቤት አይደለም።»

ያንን ግድግዳ ለምን እንዳቀናሁት ጠየቀችኝ። የልኬት ስህተት መስሎኝ ነው አልኳት። ሳቋን ለመደበቅ መዝገብ አነሳች። ከዚያ አስረዳችኝ፤ ማስረዳት እንዴት እንደሚያስደስት ስለማውቅ አላቋረጥኳትም። ቦታውን ለአባትየው የሰጡት የአካባቢው የቤንች ሽማግሌዎች «ቤትህን ሥራ፤ ዛፏን ግን አትንካ» ብለዋቸው ኖሯል። አንዲት ትልቅ ዋንዛ ነበረች። ሰውየው ግድግዳውን በዛፏ ዙሪያ አጎበጡት። ዛፏ በኋላ በነፋስ ወደቀች፤ የግድግዳው ጉብታ ቀረ። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበው ከሌላው ሁሉ ይልቅ በዚያ ጉብታ ነው።

ማለት፣ ከቤቱ ሁሉ መርጬ ያጠፋሁት የተጠበቀውን ነገር ነበር።

ሁለተኛውን ንድፍ ከነጉብታው ሠራሁ። እማማ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ።

«መምህር፣ ቤቴን አንካሳ አደረግከው።»

«እንዲህ ነው እኮ ያለው፣ እማማ።»

«ያለውማ እንዲህ ነው። ግን መሥሪያ ቤት የሚሄድ ነገር ተበጥሮ ነው የሚሄደው። ፊተኛው ምን ሆነ? ያ ንጹሕ ነበር።» ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «መጋረጃዬስ የታል?»

ፕላን የሚሣለው ቤቱ ከላይ እንደታየ ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ መጋረጃ አይታይም ብዬ አስረዳኋቸው።

«ከላይ የሚያየው ማነው?»

«ማንም አያየውም። ለአሠራር ነው።»

«እንግዲያው ማንም ለማያየው ነው ስትሥል የምታድረው?»

ከክፍሉ ውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ፤ «ደወል።»

በመጨረሻ የቤቱን ፊት የሚያሳይ ሌላ ገጽ ጨመርኩ፤ መስኮቱ ላይም የእማማን ባለአበባ መጋረጃ ሣልኩ። ባለሙያዋ አየችው። እርሳሷን አንስታ ከጎኑ በትንሹ «መጋረጃ» ብላ ጻፈች። ንድፉ አለፈ።

የቀረው የወራሾች ስምምነት ነበር። ወራሾች ማለት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አባባና ቴፒ የሚኖሩት ታናሽ ወንድማቸው። ታናሽየው ቡና ነጋዴ ናቸው። ሁለቱ አልተጣሉም፤ ግን ሁለቱንም ሥራ ይዟቸው፣ አንዱ ሌላው እንዲመጣ እየጠበቀ ዓመታት አልፈዋል። አባባ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ።

«ስለ እግሬ እንዳትነግረው። ከጠየቀ ጉልበቱን ትንሽ አሞታል በለው።»

የስምምነቱን ወረቀት አዘጋጅቼ፣ የሚፈረምበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ወደ ቴፒ ላክሁት። ወረቀቱ ሳይፈረም ተመለሰ። ከእሱ ጋር አንድ ዘለላ ኮረሪማና የቃል መልእክት ነበር፤ «ጋሼ ከመቼ ወዲህ ነው እንደ ፍርድ ቤት ወረቀት የሚልክብኝ?»

አባባ ኮረሪማውን እያሸተቱ፣ «እውነቱን ነው» አሉ። «ሰው ወንድሙን አንድ ነገር ሲለምን ሽማግሌ ይልካል። ይህን ኮሌጅ አላስተማሩህም?»

ሽማግሌዎቹን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። አንደኛው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ያረጁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ንግግር ከሳቸው አፍ እንደ አቡጄዲ ተተርትሮ ይወጣል። ሁለተኛው ከሸዋ ቤንች ወረዳ የመጡ፣ ከአባባ ጋር ሲያስታርቁ የኖሩ የቤንች ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው አማርኛን አጥርተው ይሰማሉ፤ የሚናገሩት ግን በቁጠባ ነው። እኔ ሦስተኛ ሆኜ የምሄደው ንድፉን ለማስረዳት ነበር።

የጨርቅ ነጋዴው ጠዋት መናኸሪያ ሲያገኙኝ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «በሹራብ ነው የምትሄደው? ሽማግሌ ተከትለህ? ሂድ ኮትህን ልበስ፤ ክራቫት ካለህም እሰር።» ነበረኝ። ጫማዬንም ሊስትሮ ጋር አስጠረግሁ። አውቶቡሱ በደኑ መሃል ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ፣ ክራቫቱ አንገቴን ሲያንቀኝ፣ ንድፉን በጋዜጣ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌው ነበር።

የታናሽየው ግቢ ውስጥ ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና እንዲደርቅ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ሴቶች በእግራቸው ያገላብጡታል። እኛን ሲያዩ ቆሙ። እስቲ በእነሱ ቦታ ሆናችሁ ተመልከቱን። እሑድ ጠዋት ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ኮትና ክራቫት ያደረገ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ቀለበት የሌለው አንድ ወጣት ላቡ ይንጠባጠባል። የቤቱ እመቤት ወጡ፤ ዓይናቸው ከጫማዬ ተነስቶ ክራቫቴ ላይ ደረሰ፤ ተመልሰው ገቡ። ከውስጥ መጥረጊያ ሲሠራ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ዶሮ ሲጮህ ይሰማ ጀመር።

እኔ ይህን ሁሉ እንደ እንግዳ አቀባበል ነበር የቆጠርኩት።

«ልንለምን መጥተናል» አሉ የጨርቅ ነጋዴው፣ እንደ ደንቡ ሳይቀመጡ። «እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም።»

ታናሽየው ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ አገጫቸው ወጣ ያለ ሰው ናቸው። «ሽማግሌ ቆሞ አይለምንም። ግቡ።»

«ነገራችንን ሳይሰሙ?»

«ነገራችሁማ ከኋላችሁ ቆሟል» አሉ፣ እኔን እያዩ።

እዚህ ላይ ደንቡን ላስረዳ። ሽማግሌ ሄዶ የሚለምነውን ነገር መጀመሪያ አይጠራም። ዙሪያውን ይዞራል። ላኪውን ያመሰግናል፤ የተላከበትን ቤት ያመሰግናል፤ ነገሩ ራሱ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ደግሞ ዙረቱን የሚያሳጥሩ ሰው አይደሉም።

«የላኩን ታላቅ ወንድምዎ ናቸው» አሉ።

«ጋሼ ራሱ?»

«ራሳቸው። ይህ ልጅ እሳቸው ግቢ ነው የሚኖረው። መምህር ነው። አይተውት፣ መዝነውት፣ ይሆናል ብለው ነው ከእኛ ጋር ያደረጉት።»

ታናሽየው ወደ እኔ ዞሩ። አገሬን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የአባቴን ሥራ፣ ወንድምና እህት እንዳለኝ፣ ደመወዜ በሰዓቱ ይደርሰኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። የንድፉን ሠሪ ማንነት ማጣራታቸው ተገቢ ነው ብዬ ሁሉንም በዝርዝር መለስኩ።

«መጠጥስ?»

«አልጠጣም» አልኩ። የሚጠጣ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መስመር አያወጣም። ጥያቄው እንዴት አስተዋይ ጥያቄ ነው ብዬ ሰውየውን አደነቅኋቸው።

እመቤቲቱ ከጓዳ በር ላይ ሆነው «ቁጡ አይመስልም» ሲሉ ሰማሁ። ይህም ጥሩ ነው አልኩ።

የጨርቅ ነጋዴው ገና መሃል ላይ ነበሩ፤ እኔ ግን ጊዜው የደረሰ መሰለኝና ጋዜጣውን ፈትቼ ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ።

«ይህ አሁን ያለው ነው» አልኩ። «ይህ ደግሞ ወደፊት የሚሆነው። መኝታ ክፍሉ እዚህ ጋ ነው።»

ታናሽየው መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው በራ። «የቤት ፕላን ይዞ የመጣ» አሉ ቀስ ብለው፣ ወደ ሚስታቸው እያዩ። «እኔ አንቺን ልጠይቅ ስመጣ ጃንጥላ እንኳ አልነበረኝም።» ጣታቸውን በመጋረጃው ላይ አሳለፉ። «መጋረጃውን ሳይቀር አስቦበታል።»

በዚህ መሃል ልጃቸው ውሃ ይዛ ገባች። በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። አንገቷን ደፍታ ገብታ ነበር፤ ንድፉን ስታይ ግን ቀና አለች። የውሃውን ማሰሮ አስቀምጣ ወረቀቱን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ይህ እኮ የአጎቴ ቤት ነው» አለች። «ይኸው ጉብታው። ክረምት ክረምት ስሄድ እዚህ ጋ ነበር የምተኛው።» ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ አየች፤ እኔን አየች፤ ሽማግሌዎቹን አየች። «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች የመጡት ለእኔ አይደለም። ለመስኮቱ ነው።»

ጓዳ ውስጥ የወጥ መንተክተክ ብቻ ይሰማል። ከዚያ እስካሁን አንድ ቃል ያልተናገሩት የቤንች ሽማግሌ ትከሻቸው ይርገበገብ ጀመር።

«ምን ያስቅዎታል?» አሏቸው የጨርቅ ነጋዴው።

«እኔ ከበሩ ጀምሮ ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ዶሮው ይድረስ ብዬ ነዋ።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች። አባቷ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለአንድ መስኮት ነው ይህ ሁሉ ክራቫት?» አሉ። «ጋሼስ መስኮቱን ምን ሊያደርገው ነው? አባታችን ትምህርት ቤት ስንሄድ እስክንሰወር ድረስ የሚያየን በዚያ መስኮት ነበር። እኔ እሱን አፍርሱ ብዬ ፊርማዬን አኖራለሁ? በር አለው እኮ። በበሩ አይወጣም?»

አባባ የነገሩኝን አስታወስኩ። «ጉልበታቸውን ትንሽ አሟቸዋል» አልኩ።

ልጅቱ ንድፉ ላይ ከመስኮቱ እስከ በረንዳው የተሰመረውን መስመር፣ ከጎኑም የወንበሩን ስፋት የጻፍኩበትን ቁጥር በጣቷ ተከትላ ሄደች። ነርስ ናት። «ምን ያህል ትንሽ?» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ሳይጠይቀኝ ሳስረዳ ኖሬ፣ መጠየቅ የመጣው እንዳላስረዳ በተከለከልኩበት ነገር ነው። መልሴም ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ አጭሩ ሆነ።

«ከአልጋ አይወርዱም።»

ታናሽየው ንድፉን ጠቅልለው መለሱልኝ፤ አልፈረሙም። «በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ቤት የለም» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ለመስኮትም ቢሆን። ብሉና ሂዱ።»

ዶሮው ደርሶ ስለነበር በላን። የቤንች ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ጨመሩ።

ስንመለስ አባባ በመስኮቱ አገጬን አይተው ነገሩን ገመቱ። «እንዳልፈረመ አገጭህ ይናገራል» አሉ። ስለ እግራቸው መናገሬን አልነገርኳቸውም። ያን ሳምንት ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው መጥተው ነበር፤ አባባ «ሂዱ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ አላያችሁም» ብለው መለሷቸው። ባለጉዳይ ሲመልሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እማማ መጋረጃውን ዘጉት።

በሚቀጥለው እሑድ ጓሮ ሆኜ የተማሪ ደብተር ሳርም በረንዳው ላይ ከባድ የእግር ኮቴ ሰማሁ። የቴፒው ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ከኋላቸው አለች፤ እኔም የስምምነቱን ወረቀት ከክፍሌ አንስቼ ደረስኩ። በሳሎኑ በር አልገቡም። እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቀጥታ ሄደው መስኮቱ ፊት ቆሙ። እማማ ከውስጥ መጋረጃውን ገለጡት።

አባባ ቀና ብለው አዩ። ከአልጋው የሚታየው ያው እንደ ሁልጊዜው አገጭ ነው።

«ይህ አገጭ የአባቴ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ እግርህ ምን ሆነ?»

«ምንም። ጉልበቴን ትንሽ።»

«መምህሩ ነግሮኛል።»

«መምህሩ ደወል አይሰማም።»

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«ብትሰማ ልታስታምመኝ ትመጣለህ። አስታማሚ አልፈለግሁም። ወንበሬ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፤ እኔ የፈለግሁት ፈርመህልኝ እንድወጣ ነው።»

ታናሽየው ጎንበስ አሉ። አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ወንድማቸውን፣ አልጋውን፣ ጥግ ላይ የቆመውን ባለጎማ ወንበር ዙሪያውን አዩ። ጠባቡንም በር አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ፤ ወረቀቱን የያዝኩት እኔ መሆኔን ሳያዩም ያውቃሉ።

«አባታችን ያየን የነበረው በዚህ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ። ከሚታዩት አንዱ እኔ ነበርኩ እኮ።»

ወረቀቱን የመስኮቱ ግርጌ ላይ አድርገው ፈረሙ። እስክሪብቶውን ወደ ውስጥ አቀበሏቸው፤ አባባም እንደተኙ ከሥሩ ፈረሙ። በእርሳስ ያደረግሁት ምልክት ላይ ሁለቱም አልፈረሙም።

ባለሙያዋ ፈቃዱን ስትሰጥ አንድ ነገር ብቻ አዘዘች። የመስኮቱ የድሮ መዝጊያዎች እንዳይጣሉ፣ በአዲሱ በር የላይኛው ግማሽ ላይ እንዲገጠሙ። ስለዚህ ዛሬም በሩን ከመንገድ ሆኖ የሚያይ ሰው መስኮት ያያል፤ ከሥሩ በር የጨመረ መስኮት። ግንበኛው መዶሻውን አንስቶ ይህን ጊዜ ሳያስቀምጥ ሠራ። ጉብታውን አልነካም፤ ባለሙያዋ ራሷ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

አባባ የወጡት ጭቃው ሳይደርቅ ነው። ማንም እንዲገፋቸው አልፈቀዱም። ጎማዎቹን በእጃቸው እየገፉ ደፍ የሌለውን በር አለፉ፤ በረንዳው ጫፍ ላይ ደርሰው ፍሬን ያዙ። ገበያው መንገድ ላይ ያለው ሰው ሰላምታ ሲያቀርብ የሁሉንም ፊት፣ ከግንባር እስከ አገጭ፣ አንድ በአንድ ያዩ ነበር።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ሳምንት ሳይሞላ መጡ። የታናሽየው ሚስት ናቸው፤ የተከሰስኩትም እኔ ነኝ። ክሳቸው ይህ ነው፤ ሽማግሌ ይዤ እቤታቸው ሄጄ፣ ዶሮ በልቼ፣ የቴፒ ሰው ሁሉ ልጃቸው እንደተጠየቀች ሰምቶ፣ ከዚያ ሳልጠይቅ ተመልሻለሁ። ጎረቤት «ምን ጎድሏት ተዋት?» እያለ ነው።

አባባ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው፣ ፊቴን አዩ፤ የሴትየዋን ፊት አዩ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

«መምህር፣ ዶሮውን በልተሃል?»

«በልቻለሁ፤ ግን ነገሩን ላስረዳ—»

«በልቷል» አሉ። «ፍርዱ ይኸውና። የቴፒ ገበያ ቀን ትሄዳለህ። ያንኑ ክራቫት ታስራለህ። ንድፍህን ዘርግተህ፣ የመጣህበት ጉዳይ መስኮት እንደነበረ ለጎረቤቱ ሁሉ ታስረዳለህ። ደወል አይደወልብህም። እስኪበቃቸው አስረዳ።»

ሄድኩ፤ አስረዳሁ። ልጅቱ በበሩ ተደግፋ ትሰማኝ ነበር። ሲያበቃ ወደ እኔ መጥታ፣ እንዲህ ያለ መልካም ማብራሪያ ለታካሚዎቿ ብሰጥላት ሁሉም በጊዜ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር አለችኝ። በኋላ ያገባችው የማጂ አገር ልጅ የሆነ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። በሰርጓ ላይ የቤንች ሽማግሌው ዶሮ ወጡ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «ለመምህሩ ጨምሩለት፤ እሱ ነው የጀመረው» ይሉ ነበር።

ያን የፍርዱን ቀን ግን እመቤቲቱ ከሄዱ በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ እንደ ሚዛን ልማዱ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ የአባባን ጫማ ያረጥበዋል። ሰዉ ሁሉ ሮጦ ተጠለለ። እማማ አዲሱ በር ላይ ቆመው ጠሯቸው።

«ግባ እንጂ። ብርድ ይመታሃል።»

አባባ ፍሬኑን እንደያዙ መንገዱን ማየታቸውን ቀጠሉ።

«መምህር፣ ግፋው» አሉኝ እማማ።

እጄን ወንበሩ ላይ ላኖር ስል አባባ ዞረው አዩኝ። ምሰሶው ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ሰሌዳ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ያለ ፈቃድ መንካት ክልክል ነው» አሉ። «መጀመሪያ ንድፍ አምጣ።»